ስሪትሽ ስንት ነው?

ከደሴ ስወርድ በማለዳ፣ ጉም ሐረጎን ውጦ፣
ላፕቶፔ ጭኔ ላይ
እንደ ሕመምተኛ ልጅ በነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጦ፣
ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ ከቦርሳዬ አፈንግጦ፦
«ከስሪት ዐሥር በታች የሆነ መሣሪያ
እስከ ሰኔ ሠላሳ ከመረብ ይወገድ፤
ያልታደሰ እንዳይገኝ፣ አንድም ቢሆን አንድ።»

መቶ ዐሥራ ሁለት ናቸው።
እንደ ክትባት ሠራተኛ
ከክፍል ክፍል፣ ከደጅ ደጅ እዞራቸዋለሁ፤
የኮምቦልቻ ሙቀት ሹራቤን ሲያስወልቀኝ ገና ሦስተኛዋ ላይ ነኝ።
በፈትሉ አዳራሽ የጥጥ ብናኝ ቅንድቤ ላይ ሲያርፍ፣
በማሽኖቹ ጩኸት መሐል አፌን በሻሽ ሸፍኜ ሳልፍ፣
ቁልፉን ነካ አድርጌ
«ስሪትሽ ስንት ነው?»
ከመለሰች አረንጓዴ፤ ካቅማማች ቢጫ ነው።

ደመወዝ ክፍል፣ የዘይነባ ስክሪን ጥግ ላይ
ያች ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፦
«አዲስ እድሳት አለ። አሁን ይጫን?»
ዘይነባም ቀና ሳትል ትነካዋለች፦
«ነገ አስታውሰኝ።»
ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ነገ!
«አንቺ ሴት» አልኳት፣ «ይሄ ለሌባ በር ከፍቶ ማደር አይደለም ወይ?»
«ደመወዝ ቢዘገይስ ለሠራተኛው መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ ወይ?»
ሳቀች። ሳቅሁ።
ሁለታችንም ልክ ነን።

ከዚያ ሚዛን ቤት።
ጋሽ ሙሄ፣ ከቦርከና ማዶ ሳይነጋ የሚመጡ፣
ሃያ ዓመት በአንድ ወንበር፣ አንድ ቀን ሳይለወጡ።
ኮምፒውተራቸው ስሪት ሰባት፤
ፊደሎቿ ከጣታቸው ታጥበው አልቀዋል፣
የጥጡን ቦንዳ ስትመዝን ግን
በአንዲት ኪሎ ዋሽታ አታውቅም።
«አርጅታለች አልሽ፤ ልጄ፣ ሚዛን ያረጃል?»
«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ድሪቶ ናት፤
እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈ ነው የኖረችው።
ቀዳዳ በታየ ቁጥር የሚጥፍላት ልብስ ሰፊ ነበራት፤
አሁን ሱቁን ዘጋ።
ቀዳዳው አልተዘጋም። በዚያ በኩል የሚገባ
አያንኳኳም፤ ‹ቤቶች!› አይልም።»
ጉልበታቸው ላይ የተጣፈውን ሱሪ አዩት።
ቆይተው፦ «አብሽሪ። ገመዷን ንቀዪና ሂጂ፤
እኔና እሷ ብቻችንን እንመዝናለን።»
ነቀልኩት።
ሪፖርቱ ላይ «ከመረብ የተነጠለ» ብዬ ጻፍኩ፤
ልቤ «የመነነ» አለ።

ቁጥር አርባ አንድ።
እሷን ሄጄ የምጠይቅበት ክፍል የለም።
ሰንጠረዡ ላይ ቀይ ናት፤ «የመጨረሻ ግንኙነት፦
ጥቅምት ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት።»
ያኔ እኛም በየአቅጣጫው ነበርን።
ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው
በአቧራ የተከበበ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ፣
ጫፉ የተቆረጠ ገመድ።
ዋናው መሥሪያ ቤት በየወሩ፦ «ለምን አልታደሰችም?»
እኔ በየወሩ፦ «የለችም።»
እነሱ፦ «ከዝርዝሩ ትሰረዝ።»
እኔ ዝም።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዐሥር ተኩል፣ የፈረቃው ደወል ሲጮህ፣
ነጥቧ በራች።
አርባ አንድ!
የት እንዳለች፣ ማን እንደከፈታት አላውቅም።
«ስሪትሽ ስንት ነው?» አልኳት፣ በለሆሳስ፣ ከልማድ።
የጥቅምቱን ቁጥር ነገረችኝ፤
አንዲት እራፊ አልተጨመረባትም፤
ለእሷ ገና ያው ሌሊት ነው።
በሆዷ የማታ ፈረቃ መዝገብ አለ፣ ስድሳ ሦስት ስም፤
ከዚያ ሁሉ ስንቱ ወደ ክሩ እንደተመለሰ
ሌላ የሚናገር ወረቀት የለም።

ደንቡ አጭር ነው፤ የተሰረቀ መሣሪያ ብቅ ሲል ይጠረጋል።
ሳጥኗ መጣች፦
«መሣሪያው ተገኝቷል። አሁን ይደምሰስ?»
ጣቴ ቁልፉ ላይ።
በመስኮቱ፣ ሽቅብ፣ ጉሙ ሐረጎ ላይ ተመልሶ ሲተኛ፤
ዘይነባ ከኋላዬ ቆማ፣ ፊርማ ልታስፈርመኝ መጥታ፣
ምንም ሳትል።

ነካሁት፦
«ነገ አስታውሰኝ።»